ሁለት ሁለት ጆሮ፣ ያለ ልዩነት

ሰኞ

የተከበርሽ ባለቤቴ ወይዘሮ ዘነበች፤ የተወደድሽ የልጅ ልጄ ቤቴል፤ በግድግዳው ላይ የምትገኙ ክቡር ጉማሬ፣ ክቡር ጉሬዛ፣ ክቡር አባ ኮዳ፣ ክቡር ቆሮሶ፤ እንዲሁም ስም ገና ያልወጣልሽ ባለጎፈሬዋ ልጅ፦ ከሁለቱ ቀዳሚዎች በስተቀር አንዳችሁም ጆሮ የላችሁም።

እጄ ሌላ አጀማመር አያውቅም። ዕድሜዬን በመንግሥት ኃላፊነት ላይ አሳልፌ፣ አፌን የከፈትኩት ሁልጊዜ የተገኙትን እንደየማዕረጋቸው በመጥራት ነው። ማንም በማያነበው ደብተር ላይም ልማዱ አለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐዋሳ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የሕፃናት ንባብ ቤት ልንከፍት ነው፤ እኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነኝ። ምረቃው ቅዳሜ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት። በትልቁ ግድግዳ ላይ የሐይቃችን እንስሳት በካርቱን መልክ እየተሣሉ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሄጄ ሳይ፣ ሠዓሊዋ ምሕረት ሁሉንም በከሰል ነድፋ ጨርሳለች። ጉማሬው የገለባ ባርኔጣ ደፍቶ መጽሐፍ ያነባል። ጉሬዛው ሻሽ አስሯል። በዓሣ ገበያው ዙሪያ የሚንጎራደደው መላጣ ወፍ፣ አባ ኮዳ፣ ኮፍያ አድርጓል። ልጅቷ ጎፈሬዋ ከትከሻዋ ይሰፋል። ቆሮሶው ዓሣ ነውና ዓሣ ነው። ሁሉም ያምራሉ። ጆሮ ግን የለም።

ንድፉን ከሁለት ሳምንት በፊት የፈረምኩት እኔ ነኝ። አላየሁትም።

ለምን እንደከነከነኝ ልጻፍ። ቤቴል ስምንት ዓመቷ ነው። ጨቅላ ሳለች ታማ የመስማት አቅሟ ደክሟል። ከመስከረም ጀምሮ በሁለቱም ጆሮዎቿ የመስሚያ መሣሪያ ታደርጋለች። ቤት ውስጥ አትለየውም፤ አያቷ በሹክሹክታ የምታማኝን ሁሉ ሳይቀር ትሰማለች። ባለፈው ዓርብ ግን ልወስዳት ስሄድ የትምህርት ቤቱ የጥበቃ ሠራተኛ አቶ ዳንጊሶ ወደ ጎን ጠሩኝ። በሲዳሙ አፎ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

«ልጅቷ ጠዋት ጠዋት እዚህ ትቆማለች። ቦርሳዋን ትከፍታለች። ያንን ከጆሮዋ አውልቃ እርሳስ መያዣዋ ውስጥ ትከታለች። ስትወጣ መልሳ ታደርገዋለች። ለእናቷ ልናገር ብዬ ተውኩት፤ እርስዎን ጠበቅሁ።»

መምህርቷ «ቤቴል ሐሳቧ ይበተናል» ብላ ለእናቷ መጻፏን ያን ጊዜ አስታወስኩ። ሐሳቧ አልተበተነም። አትሰማም እንጂ።

ልጅቷን ሳልቆጣ ጠየቅኋት። «ማንም የለውም» አለችኝ። «ክፍል ውስጥ ማንም የለውም። መምህሬም የላትም። መጽሐፉ ላይ የተሣሉትም የላቸውም።»

የመጨረሻው ቃሏ ነው የያዘኝ። መጽሐፉን መለወጥ አልችልም። ግድግዳው ግን በእጄ ነው። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ መስሚያ ቢያደርግስ? ጆሮ ከሌለ ግን በምን ላይ ይንጠለጠላል?

ማክሰኞ

ከምሕረት ጋር ተነጋገርኩ። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤትና ጁስ ቤት ላይ ያለው ሥዕል አብዛኛው የእጇ ሥራ ነው። ከመሰላሉ ወርዳ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ ጥያቄዬን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ጆሮ አልችልም።»

«እንዴት አትችይም? ዓይኑን እንዲህ አድርገሽ ሥለሽው?»

«ዓይንማ ቀላል ነው። ፀጉር ቤት ስሠራ ጆሮውን ፀጉሩ ይሸፍንልኛል። ጁስ ቤት ስሠራ ማንጎ ጆሮ የለውም። ያስተማረኝ ሰውዬም ጆሮ የሚያይልሽ የለም፣ ዓይን ላይ በርቺ ነበር የሚለኝ።» ከዚያ ወደ ባርኔጣው፣ ወደ ሻሹ፣ ወደ ኮፍያው አየች። «እነዚህ ሁሉ ለጌጥ ይመስልዎታል? መደበቂያ ናቸው።»

ሐቀኛነቷን ወደድኩት። በሥራ ዘመኔ «አልችልም» የሚል ባለሙያ ያጋጠመኝ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

አንድ ነገር አጥብቃ ጠየቀችኝ፦ ደብዳቤ። የጸደቀ ንድፍ በቃል አትነካም። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ በቃል «ቀይሪ» አላት፣ ቀየረች፤ ሌላው መጥቶ «ማን አዘዘሽ» አላት፣ መለሰች፤ የመጀመሪያው ተመልሶ መጣ። አንዱን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ቀባችው። «ከዚያ ወዲህ ማኅተም ካላየሁ ብሩሽ አላነሣም። ማኅተም ያለበትን ደግሞ ቃል በቃል ነው የምሠራው።» ደብዳቤ ይጻፋል አልኳት። ደብዳቤ ሥራዬ ነው።

ማታ ከራት በፊት ራሴ ሞከርኩ። ምን ያስቸግራል ብዬ። ውጤቱን ለታሪክ ላስፍር፦

አንደኛው፣ የተገመጠ ዳቦ።
ሁለተኛው፣ ባቄላ።
ሦስተኛው፣ የጥያቄ ምልክት።
አራተኛው፣ ዘነበች እንዳለችው፣ የጆግ እጀታ።
አምስተኛው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀደድኩት።

ዘነበች ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አንሥታ ስታይ ቆየች። «አርባ ዓመት ስታወራ ስትሰማ ኖረህ፣ የምትሰማበትን እንኳ አታውቀውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጆሮ ሰው የማያየው የራሱ አካል ነው።

መስሚያውን ባለጎፈሬዋ ልጅ ላይ ለማድረግ ማሰቤን ነገርኳት። ወረቀቱን አስቀመጠች።

«እሱን እንዳታደርግ። ልጅቷ ላይ ካደረጋችሁት በቤቴል ላይ ጣት መቀሰር ነው። ሁሉም አንዴ ሥዕሉን አንዴ እሷን ያያል። ጉማሬው ላይ አድርጉት።»

«ጉማሬው ላይ?»

«ትልቁ ማን ነው? የማይፈራው ማን ነው? ልጆቹ መጀመሪያ ሮጠው የሚሄዱት ወደ ማን ነው?»

ሙሉ ኮሚቴ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ ይህን አላሰበም። እኔም ሰብሳቢ ተብያለሁ።

ረቡዕ

መልካም ቀን። ከረጅም ጊዜ ወዲህ እንዲህ አልሳቅሁም።

ሌሊቱን ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ፦ በከተማው ውስጥ ጆሮን ከሁሉ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? ሐኪሙ ውስጡን ያውቃል። ዙሪያውን የሚያውቀው ፀጉር አስተካካይ ነው። ምሕረትን ይዤ መናኸሪያ ወዳለው ወደ ሙዴ ሄድኩ። ሙዴ ፀጉሬ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የሚያስተካክለኝ ሰው ነው።

ጉዳዩን ስነግረው ፎጣውን አራግፎ አንገቴ ላይ አሰረ። «ዘግይተሽ ነው የመጣሽው፣ እህቴ» አላት። «ጆሮ ማለት እኮ የእኔ ድንበር ነው። ቀኑን ሙሉ በጆሮ ዙሪያ ስዞር ነው የምውለው። አንድም ቀን ቆርጬ አላውቅም።»

«አንዴ ቆርጠሃል» አልኩት።

«እሱ ጭረት ነው፣ ጋሽ ታደለ። ጭረትና መቁረጥ ይለያያል።»

ምሕረት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ሙዴ በማበጠሪያው ጫፍ እያመለከተ ማስተማር ጀመረ። የጆሮ አናት ከቅንድብ ጋር ይተካከላል፣ ሥሩ ከአፍንጫ ግርጌ ጋር። ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ቀጥ አድርጎ የሣለ ሰው ጆሮ አይቶ አያውቅም። የማንም ግራና ቀኝ እኩል አይደለም፤ የሰው መነጽር ጠማማ የሚመስለው በዚህ ነው። የመጨረሻው ትምህርት ግን እኔን ነካ፦ «ጆሮ በዕድሜ ያድጋል። ፀጉር ይሸሻል፣ ጆሮ ይመጣል። የጋሽ ታደለን ጆሮ እዩ። መጀመሪያ እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንዲህ አልነበረም።»

ተራ የሚጠብቅ አንድ ባለ ባጃጅ ከስልኩ ቀና አለ። «አባባ እኮ ስፖኪዮ ነው የገጠሙት» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ስፖኪዮ ማለት የመኪና የጎን መስታወት ነው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ምሕረት አልሳቀችም። ትሥል ነበር። ደብተሯን ሳየው ገጹ በእኔ ጆሮ ተሞልቷል፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ሥጋው፣ እጥፋቱ፣ ጥላው ሁሉ አለበት፤ ወደ ታች ሲሄድ መስመሩ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ መጣ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ነገር ብቻ ናቸው፦ አንድ ትልቅ ቅስት፣ ውስጡ አንድ ትንሽ ቅስት፣ መሐሉ ላይ እንባ የመሰለች ነጠብጣብ። ጆሮ ሆነ። ማንም ሳይነግረው ሕፃን ልጅ የሚያውቀው ጆሮ።

«ካርቱን ላይ ሁሉ አይሣልም» አለችኝ። «የቱን መተው እንዳለብኝ ነበር ያላወቅሁት። አሁን ገባኝ።»

ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ የአላፊ አግዳሚውን ጆሮ ሁሉ ታይ ነበር።

ሐሙስ

ስብሰባው በአቶ ከድር የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጓዳ ተካሄደ። አቶ ከድር የኮሚቴው ጸሐፊ ናቸው፤ ማኅተሙም በእሳቸው እጅ ነው፣ በጨርቅ ጠቅልለው መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል። ሌሎቹ አባላት በስልክ ተስማምተዋል።

«ለጆሮ ቃለ ጉባኤ?» አሉ አቶ ከድር።

«ለጆሮ ቃለ ጉባኤ» አልኩ።

ደብዳቤውን ራሴ አረቀቅሁ። አንድ ሥጋት ነበረኝ። ምሕረት ጆሮ ገና ትናንት ነው የለመደችው፤ ጊዜ ሲያጥራት ለጉማሬው ብቻ አድርጋ የቀሩትን በኮፍያቸው ብትተዋቸውስ? ያን ጊዜ ጉማሬው ብቻውን ባለጆሮ ሆኖ ይታያል፤ ብቻውን መታየት ደግሞ የምንሸሸው ነገር ነው። ስለዚህ ምንም መውጫ እንዳይኖር አድርጌ ጻፍኩ፦

«በግድግዳው ላይ ለሚገኙ ገጸ ባሕርያት በሙሉ፣ ያለ ልዩነት፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ጆሮ እንዲደረግላቸው፤ ኮፍያ፣ ባርኔጣና ሻሽም እንዲነሣ፤ በተጨማሪም ለጉማሬው የመስሚያ መሣሪያ እንዲደረግለት ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

አቶ ከድር ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ቀዳዳ የለውም» አሉ። ማኅተሙን ተነፈሱበትና አሳረፉት።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የጻፍኩት ደብዳቤ ለትርጉም ተጋልጦ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ለምሕረት ሰጠኋት፤ አንብባ፣ አጥፋ፣ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ነገ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትጨርሳለች።

ቤቴል ዛሬም ከትምህርት ቤት ስትወጣ መስሚያዋን አድርጋ ነው። አቶ ዳንጊሶን በዓይኔ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዛሬም ያው ነው።

ዓርብ

ቆሮሶው ጆሮ አለው።

በረጋ መንፈስ ልጻፈው። በአሥራ አንድ ሰዓት ንባብ ቤቱ ደረስኩ። ምሕረት ብሩሾቿን እያጠበች ነበር። ግድግዳው አብረቅርቋል። ጉማሬው ባርኔጣውን አውልቆ ሁለት ያማሩ ጆሮዎች አውጥቷል። ጉሬዛው አለው። ልጅቷ ጎፈሬዋን ወደ ኋላ ሰብስባ አውጥታለች። ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። ከውኃው ውስጥ ሰማያዊው ዓሣ፣ በግራና በቀኝ፣ ሁለት ሙሉ ጆሮ አድርጎ ያየኛል። አባ ኮዳም እንዲሁ።

«ምሕረት።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«ዓሣ ጆሮ አለው?»

«የለውም።»

«ወፍስ?»

«በላባ ውስጥ ቀዳዳ ነው ያለው። እንዲህ የወጣ የለውም።»

«ታዲያ?»

ደብዳቤውን ከኪሷ አወጣች። ጥግ ላይ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ አርፎበታል። «በሙሉ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ያለ ልዩነት ይላል። እኔም ቆሜ አሰብኩ፤ ጋሼ የሚጽፉትን ያውቃሉ፣ ምክንያት ይኖራቸዋል አልኩ። ደውዬ ልጠይቅ ነበር፤ ግን በቃል አልቀበልም ያልኩት ራሴ ነኝ።»

ደብዳቤውን ተቀብዬ አነበብኩት። እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነው። ፊርማውም። ከዓሣ በስተቀር የሚል ቃል ለመጨመር የነበረኝ ጊዜ ሁሉ አልፏል።

«አባ ኮዳ ግን» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መላጣ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ አማረበት።»

አቶ ከድር ደረሱ። ግድግዳውን አዩ። ከዚያ በባዶ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጠው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ምስኪን» አሉ ወደ ቆሮሶው እያመለከቱ። «እስከ ዛሬ ሳይሰማ ነበር የሚጠበሰው። አሁን የዘይቱን ድምፅ ሊሰማ ነው።»

ይደምሰስ ወይስ ይቅር? ቀለሙ የዘይት ነው፤ ቢፋቅ ሰማያዊው አብሮ ይነሣል፣ ለመድረቅም ሁለት ቀን ይፈልጋል። ምሕረት ሌሊቱን ልሥራ አለች፤ ፊቷን አየሁት። ይህ ግድግዳ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራዋ ነው፤ ነገ እናቷን ልታመጣ ነው። በእኔ ስህተት እንቅልፍ አጥታ እንድትቆም አልፈቀድኩም። ይቅር አልኩ። የሚጠይቅ ካለ እኔ እመልሳለሁ።

ከመውጣቴ በፊት የጉማሬውን መስሚያ በደንብ ተመለከትኩ። ነጭ፣ ትንሽ፣ ጆሮው መሐል ላይ የተቀመጠ። ወደድኩት። የርክክብ ወረቀቱን ፈረምኩ። እንከን አላየሁበትም።

ቅዳሜ

ገና ልቤ አልተረጋጋም። በቅደም ተከተል ለመጻፍ እሞክራለሁ።

በሦስት ሰዓት ቤቱ ሞልቶ ነበር። የክፍለ ከተማው ምክትል ኃላፊ፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የትምህርት ቤት ርእሳነ መምህራን፣ ወላጆች፣ ሕፃናት። ምሕረት ከእናቷ ጋር፣ ሙዴ በሸሚዝና በከረባት፣ አቶ ከድር በሩ አጠገብ። ቤቴል ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መጣች። ጆሮዎቿ ባዶ ነበሩ። ቦርሳዋን አዝላለች።

ንግግሬን ልጀምር ስል ምክትል ኃላፊው በትሕትና ጣታቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። «ይቅርታ፣ ጋሽ ታደለ፤ ዓሣው ጆሮ ያደረገው በምን ምክንያት ነው?»

«በእኔ ስህተት ነው» አልኩ። «ደብዳቤውን ስጽፍ ዓሣን ዘነጋሁ።»

«በቃለ ጉባኤ ግን ጸድቋል» አሉ አቶ ከድር ከበሩ።

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ልጆቹ ግን ከሁላችን ቀድመው ቆሮሶውን ወድደውት ነበር፤ አራት አምስት ሆነው ከፊቱ ተቀምጠው እየጮኹ ያናግሩታል። ይሰማል ብለው።

እንግዶቹን እንደየማዕረጋቸው መጥራት ጀመርኩ። ምክትል ኃላፊውን ጨርሼ ወደ ሃይማኖት አባቶች ስደርስ አንድ ድምፅ አቋረጠኝ።

«አባባ፣ ተሳስታችኋል።»

ቤቴል ናት። መስሚያዋን ሳታደርግ ስትናገር ድምፅዋ ሳይታወቃት ከፍ ይላል። ከጉማሬው ፊት ቆማለች። ሰው ሁሉ ዞረ። እኔም ከንፈሬን እንድታይ ወደ እሷ ዞሬ፣ ቀስ ብዬ «ምኑ ላይ?» አልኳት።

«ይኼ ሙዚቃ መስሚያ ነው። ሱቅ የሚሸጠው። የጆሮ መስሚያ እንዲህ አይደለም። ከኋላ ነው የሚሆነው።»

ግድግዳውን አየሁት። ልክ ናት። ባለ ባጃጆቹ ጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩት ነጭ ነገር ነው የተሣለው። አራት ወር ሙሉ የልጅ ልጄን መስሚያ በየቀኑ እያየሁ፣ አይቼው አላውቅም ነበር።

ምሕረት በሰው መካከል አልፋ መጣች። እፊቷ ተንበረከከች። «እኔ ነኝ የሣልኩት» አለቻት። «በቅርብ አይቼው አላውቅም። እንዴት ነው? አሳዪኝ።»

ቤቴል ወደ ጓደኞቿ አየች። ወደ እኔ አየች። በዕድሜዬ ብዙ ጉባኤ ላይ ተናግሬአለሁ፤ ዛሬ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ዝም ማለቴ ነው። «አይዞሽ» እንኳ አላልኩም። ዘነበች ከኋላ እጄን ጨብጣ ይዛለች።

ቦርሳዋን አወረደች። እርሳስ መያዣዋን አወጣች። ከፈተችው። መስሚያው ከመቅረጫና ከላጲስ መካከል ነበር።

«አባባ፣ ጎንበስ በል።»

«እኔ?»

«ጆሮው ያንተ ነው አይደል? ሁሉም ያንተን ጆሮ ነው ያደረጉት። ዓሣውም።»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ያ ትልቅ ቅስት፣ ያ ዘንበል ያለው ሥር። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚኖረው ፍጥረት ሁሉ የእኔን ጆሮ አድርጎ ቆሟል። ምሕረት የተማረችው በአንድ ሰው ነው፤ ሌላ ጆሮ ከየት ታመጣለች? ሙዴ «ስፖኪዮው ነው!» አለ ሳያስበው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊቆጣጠረው የማይችል ሳቅ ሆነ። ምክትል ኃላፊውም ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ።

ጎንበስ አልኩ። ቤቴል መሣሪያውን ከጆሮዬ ኋላ አስቀመጠች፣ ቀጭኑን ቱቦ ወደ ፊት አዞረች፣ ጫፉን ልታስገባ ሞከረች። «አየሽ» አለቻት ምሕረትን፣ «ከኋላ ይቀመጣል፣ በላይ ይዞራል፣ ይኼ ደግሞ ውስጥ ይገባል። እሱን ግን አይሆነውም። በእኔ ጆሮ ልክ ነው የተሠራው።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ነገር በደብዳቤ ልጽፈው አልችልም።

ከዚያ ከእኔ ጆሮ አንሥታ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ገፍታ፣ በራሷ አደረገችው። ሁለተኛውንም። ዞር ብላ ለምሕረት አሳየች፤ በግራ፣ በቀኝ። አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ተጠግታ «ይሰማል?» አለቻት።

«አዎ። አሁን ስትተነፍሺ ራሱ ይሰማኛል።»

ልጅቷ ትንፋሿን ያዘች።

«አሁንስ?»

«አሁን አቆምሽ።»

ከዚያ ወዲያ የእኔን ንግግር የሚሰማ አልነበረም፤ አሳጥሬ ጨረስኩት። የሃይማኖት አባቶችን ሳልጠራ መቅረቴን አሁን ስጽፍ ነው ያስታወስኩት። ነገ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቤቴል እስከ መጨረሻው አላወለቀችውም። ረስታው ይሁን አስባበት አላውቅም።

እሑድ

ከጸሎት በኋላ ሁላችንም ወደ ንባብ ቤቱ ሄድን። ምሕረት የጉማሬውን መስሚያ አስተካከለች። ቤቴል ከታች ቆማ ትእዛዝ ትሰጣለች፦ «ትንሽ ወደ ኋላ። ቱቦው ቀጭን ነው። ቀለሙ ነጭ አይደለም፣ እንደኔ ቡና ዓይነት አድርጊው።»

ከዚያ ሁላችንም ያላሰብነው ጥያቄ አመጣች። «ውኃ ሊነካው አይችልም። ጉማሬው ሲዋኝ የት ያስቀምጠዋል?»

ምሕረት ከመሰላሉ ላይ አሰበች። «ሣጥን እንሥራለት። ቆሮሶው ይጠብቅለት?»

«ቆሮሶው ከያዘው ይረጥባል» አለች ቤቴል በትዕግሥት። «ጉሬዛው ዛፍ ላይ ሆኖ ይያዝለት።»

ጉሬዛው አሁን ትንሽ ቢጫ ሣጥን ይዟል። ይህ ለውጥ በማንኛውም ቃለ ጉባኤ ላይ የለም፤ ምሕረትም ደብዳቤ አልጠየቀችም። «የባለመስሚያዋ ትእዛዝ ነው» አለችኝ።

ዘነበች ከቆሮሶው ፊት ብዙ ቆመች። «መልኩ ሳይቀር አንተን ነው» አለች።

ነገ ሰኞ ነው። ቤት ውስጥ፣ በዘመድ መካከል፣ በሳቅ መካከል አንድ ነገር ነው። የትምህርት ቤት በር ሌላ ነው። ምንም አልነገርኳትም። ዘነበችም እንዳትናገር ተስማምተናል።

ሰኞ

ጠዋት እኔ ላድርሳት አልኩ። በባጃጅ ሄድን። መስሚያዋን አድርጋለች፤ ከቤት ስትወጣ ግን ሁልጊዜም ታደርገዋለች። ስለ ሒሳብ ፈተና አወራችኝ። እኔም ስለ ሒሳብ ፈተና መለስኩ።

በሩ ጋ ወረድን። ሰላም ብላኝ ሄደች። አቶ ዳንጊሶ አጠገብ፣ ያቺ ሁልጊዜ የምትቆምባት ቦታ ላይ፣ ቆመች።

ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። ካየኋት ለእኔ ስትል ታደርገዋለች፤ ለእኔ ስትል እንድታደርገው አልፈልግም። ባጃጆቹን ቆጠርኩ። ሰባት አለፉ። ዞር ስል አልነበረችም።

አቶ ዳንጊሶ ቀስ ብለው መጡ። ፊታቸው ላይ ምንም የሚነበብ የለም፤ የቆየ የጥበቃ ሰው ፊት ነው።

«ቆማ ነበር» አልኳቸው።

«ቆማ ነበር።»

«ቦርሳዋን ከፈተች?»

«ጫማዋን አሰረች» አሉኝ። «ቦርሳዋን አልነካችውም። ገባች።»

እጃቸውን ያዝኩ።

ነገ ምን እንደምታደርግ አላውቅም። ከነገ ወዲያም አላውቅም። ዛሬ ግን ገብታለች፣ መምህርቷን ትሰማለች፤ ይህን የማሰፍረው እንደ አንድ ቀን ውጤት ነው።

በመጨረሻም፦ ባለቤቴ ወይዘሮ ዘነበች ጉማሬውን ስለመረጥሽልን፤ ምሕረት አልችልም ለማለት ስለደፈርሽ፤ ሙዴ ስለ ድንበርህ ትምህርት፤ አቶ ከድር ስለ ማኅተምዎ፤ አቶ ዳንጊሶ ስለ ዓይንዎ፤ ክቡር ቆሮሶም የማይገባህን ጆሮ ያለ ቅሬታ ስለተሸከምክልን፣ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለልጅ ልጄ ቤቴል፣ ለነገው ማክሰኞና ለዚያች በር፣ ፍጹም ስኬትን እመኛለሁ።